ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስንት ሩጫ?

ኅዳር ሲጋመስ የሥራ ክፍሌ አግዳሚ ወንበር ይሞላል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ የሰው እግር ሳሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቀን መቁጠሪያ ባይኖረኝ እንኳ ወሩን ከወንበሩ አውቀዋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃ ያንሸራተታቸው እናቶችና ከሞተር ሳይክል የወደቁ ጎረምሶች ይመጣሉ። ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ቱታ የለበሱ ወጣቶች እያነከሱ ይገባሉ።

ዓምና ከገቡት አንዷን አልረሳትም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ቅልጥሟን በእጇ ይዛ ስልኳን አወጣችና የምትሮጥባቸውን ቀናት አሳየችኝ። በአሥር ሳምንት ውስጥ ስድስት ሩጫ። አንዱ ግማሽ ማራቶን ነው። "ዋናው የትኛው ነው?" አልኳት። ትንሽ አሰበች።

"ሁሉም፣ ጋሼ።"

በዚያ መልስ ምክንያት ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ክለብ ለመግባት የምትለፉትም፣ እሁድ እሁድ ከጓደኞቻችሁ ጋር በሐይቁ ዳር የምትሮጡትም አንብቡት። እናንተ የምትሮጡበት ፍጥነት ይለያያል እንጂ አጥንታችሁ አይለያይም።

ወቅቱ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ዝናቡ ይቆማል፣ ሜዳው ይደርቃል፣ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። መፀው ለሩጫ የተፈጠረ ይመስላል። ስለዚህ ሁሉም በዚሁ ወቅት ሩጫ ያዘጋጃል። መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ በጎ አድራጎቱ፣ ሁሉም ቲሸርት አሳትሞ ይጠብቃችኋል። ኅዳር ላይ ደግሞ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አለ። ውጭም ቢሆን እንዲሁ ነው። የበርሊን ማራቶን መስከረም ላይ፣ ቺካጎ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መባቻ ላይ፣ ኒውዮርክ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ቫሌንሺያ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ማናጀር ያለው ልጅ በአንዱ ሳይጠራ ቢቀር በሌላው ይጠራል። የሚከብደው ሩጫ ማግኘት አይደለም፤ ሩጫ መተው ነው።

እኔ የምላችሁ ይሄን ነው፤ አንዱን ምረጡ። የወቅቱ ሩጫዬ ይሄ ነው በሉና ሌሎቹ ሁሉ ለእሱ ይታዘዙ። ሁለተኛ ሩጫ ብትጨምሩ ለልምምድ ይሁን፤ ጥሩ ሰዓት ልግባበት አትበሉ። ሦስተኛውን ቲሸርቱን ብቻ ግዙ። (ይሄን ያልኩት ለቀልድ ነው፤ ግን ቲሸርት ብቻ ፈልገው ተመዝግበው እግራቸውን የከፈሉ አሉ።)

ከመረጣችሁ በኋላ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አምጡ። ስልክ አይሆንም፤ ስልክ ወሩን ሙሉ አንድ ላይ አያሳያችሁም። በዓሉም ጾሙም የተጻፈበትን፣ ያንን ትልቁን ወረቀት ማለቴ ነው። የመረጣችሁትን ቀን አክብቡና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሩጫው ኅዳር 7 ነው እንበል። አሥራ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ነሐሴ 18 ላይ ትወድቃላችሁ። ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። ዝናቡ ገና አልወጣም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ማንም ስለ ሩጫ አያወራም። የኅዳር ሩጫ የሚጀመረው እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችሁ ግን መስቀል ካለፈ በኋላ ጀምራችሁ የሦስት ወሩን ሥራ በስድስት ሳምንት ልትጨርሱት ትሞክራላችሁ። ወንበሬን የሚሞላው ያ ነው።

ቀጥላችሁ ሌላውን ሸክም በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ። የሌሊት ፈረቃ፣ ፈተና፣ የቤት ለውጥ፣ ሰርግ። "ሰርግ ምን አገባው?" ትሉኛላችሁ። ሦስት ቀን ድንኳን ተክሎ፣ ሌሊት እንግዳ አስተናግዶ፣ ሲጨፍር አድሮ በማግስቱ ረጅም ሩጫ የወጣን ልጅ አክሜያለሁ። ሰውነት ድካምን በየዘርፉ ለይቶ አያስቀምጥም። ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ነው የሚከተው።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚነሳ ክርክር አለ። "ማሞ ወልዴስ?" ይሉኛል። እውነት ነው። ሜክሲኮ ላይ፣ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ ማሞ ጥቅምት 3 ቀን በ10,000 ሜትር ብር አገኘ። በሳምንቱ ጥቅምት 10 ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ያውም 36 ዓመት ሞልቶት፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ግን ልብ በሉ። ሁለቱም ሩጫ የአንድ ኦሊምፒክ ነው። ለዚያ አንድ ሳምንት ነበር የተዘጋጀው። በዚያው ማራቶን አበበ ቢቂላ በእግር ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋርጧል። ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈው አበበ! የታመመ እግር የማንንም ስም አይፈራም።

ሌላውን ምሳሌ ደግሞ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 2:01:41 ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ አመለጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ወቅት ሁለት ማራቶን ሊሮጥ ወሰነ። በርሊን ላይ 2:06:47 ገብቶ ሦስተኛ ሆነ። በ42 ቀኑ ኒውዮርክ ላይ ሮጠና በ2:12:52 ስድስተኛ ወጣ። በእርግጥ የኒውዮርክ መንገድ ድልድይና ዳገት የበዛበት ነው፤ ሰዓቱን ከበርሊን ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። ደረጃው ግን ደረጃ ነው። ቀነኒሳ ነው እኮ! እሱን 42 ቀን ካልበቃው እናንተ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ግማሽ ማራቶን ስትመዘገቡ ምን አስባችሁ ነው?

የቆየች አንድ መለኪያ አለች። ለሮጣችሁት ለእያንዳንዱ ማይል አንድ ቀን እረፉ ትላለች። 10 ኪሎ ሜትር ስድስት ማይል ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት ያህል። ግማሽ ማራቶን ሁለት ሳምንት፣ ሙሉው ወደ አራት ሳምንት። እረፍት ስል አልጋ ላይ ተኙ ማለቴ አይደለም። እያወራችሁ መሮጥ የምትችሉበትን ሩጫ ሩጡ። ፍጥነት የለም፣ ዳገት የለም፣ ከጓደኛ ጋር እልህ መጋባት የለም። የመጨረሻው ይከብዳችኋል፤ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። እኔም በ24 ዓመቴ ለአንድ ፋብሪካ ክለብ እሮጥ ነበር። በአንድ መፀው ውስጥ፣ በአምስት ሳምንት፣ ሦስት ጊዜ ሮጥኩ። ከሁለተኛው በኋላ ግራ ቅልጥሜ ላይ አንዲት ቦታ ትነዝረኝ ጀመር። ለአሠልጣኜ ነገርኩት። "ስንፍና ነው፣ ሲሞቅ ይለቅሃል" አለኝ። እውነትም ሲሞቅ ይለቀኝ ነበር፤ ያ ነው ያታለለኝ። ሌሊት ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። በአሠልጣኙ ብቻ አላሳብብም። ለሦስተኛው ሩጫ ሽልማቱ ቱታና የመሮጫ ጫማ ነበር፣ የእኔ ጫማ ደግሞ አፉን ከፍቶ ነበር። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ነገር "ቀጭ" ሲል ሰማሁ። አጥንቱ ተሰነጠቀ። ጫማውን ሌላ ሰው ወሰደው። እኔ ስሮጥ የማውቃቸውን ልጆች አንድ ዓመት ሙሉ ዳር ቆሜ አየሁ። ይህን ሙያ የመረጥኩት ያኔ ነው፤ አሠልጣኙን እስካሁን አላመሰገንኩትም።

ስለዚህ ቅልጥማችሁን ራሳችሁ ፈትሹ። ሕመሙ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ እንደ መዳፍ ሰፋ ብሎ ከተዘረጋ አብዛኛውን ጊዜ የድካም ነው፤ ቀንሳችሁ ከሠራችሁ ይሻላል። በአንድ ጣት "እዚች ጋ" ብላችሁ የምታሳዩት ከሆነ፣ በአንድ እግር ስትዘሉ የሚወጋ ከሆነ፣ ማታ ከቀሰቀሳችሁ፣ ሩጫ አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ራጅ ተነስታችሁ "ምንም የለም" ብትባሉም ወዲያው ተመልሳችሁ አትሩጡ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል።

ለሴት ልጆቻችን አንድ ነገር ልጨምር፤ በዙሪያችሁ የሚነግራችሁ ሰው ስለማይበዛ ነው። ልምምድ ሲበዛና ምግብ ሲያንስ የወር አበባ ይቀራል። አንዳንድ አሠልጣኝ "ጥሩ ነው፣ ወደ አቋምሽ ገብተሻል ማለት ነው" ይላል። ውሸት ነው። አጥንት እየሳሳ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ሳታፍሩ ታዩ። ደም ማነስም አለ። በምግብ ላይ ሻይ ወይም ቡና መጠጣት ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቡናውን ሰዓት አቆይታችሁ ጠጡት።

የሐዋሳ ልጅ ሌላም የሚያስብበት ነገር አለው። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የታላቁ ሩጫ መነሻ፣ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ፣ ከ2,300 በላይ ነው። በሐይቁ ዳር ለጥ ባለ መንገድ የለመዳችሁትን ፍጥነት እዚያ መነሻ ላይ ካሳያችሁ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሳንባችሁ ይጠይቃችኋል። በቅርብ ዓመታት ከ40,000 በላይ ሰው ይሮጥበታል፤ ሙዚቃው፣ ጭፈራው፣ ጩኸቱ ይገፋችኋል። ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። መስከረምና ጥቅምት ላይ በሳምንት አንድ ቀን ሐይቁን ተዉና ወደ ታቦር ወይም ወደ አላሙራ ውጡ። ዳገት ከፍታን አይተካም፤ እግርን ግን ያዘጋጃል። ጉዞው 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ተነስታችሁ እሁድ ጠዋት ለመሮጥ አትሞክሩ። ዓርብ ሂዱ። የተቀመጠ እግር ያብጣል፤ መኪናው በቆመበት ሁሉ ውረዱና ተንቀሳቀሱ።

ወባንም አትርሱ። እዚህ አገር ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ዋናው የወባ ጊዜ ነው። ከሩጫው ወቅት ጋር ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሦስት ወር ተዘጋጅታችሁ በአንዲት ትንኝ ልትቀሩ ነው። አጎበር ውስጥ ተኙ። ትኩሳት ከያዛችሁ በላብ አወጣዋለሁ ብላችሁ እንዳትሮጡ፤ ደም ተመርመሩ።

የምግብ ነገር ላይ ብዙ አልቆይም። የለመዳችሁትን ብሉ። በሶ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ የሐይቃችን ዓሣ ይበቃል። የመስቀልን ክትፎ አትብሉ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም፤ በማግስቱ ግን ፍጥነት አትሥሩ። የጾም ቀን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ እተዋለሁ። ጫማ ግን ከሩጫው በፊት ባለው ሳምንት አዲስ አትግዙ። በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ርቀቱን ወደ ግማሽ አውርዱ፣ ፍጥነቷን ግን ጥቂት ጥቂት ሥሩ። በእነዚያ ቀናት "ሰነፍኩ" የሚል ስሜት ይመጣል። ይምጣ።

ያቺ ልጅ ስምንት ሳምንት አረፈች። ስድስቱም ሩጫ ቀረባት። አልቅሳለች፤ እኔም የማጽናናው ነገር አልነበረኝም። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ እንደገና መጣች፣ ሳታነክስ። ከቦርሳዋ የታጠፈ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ኅዳር ላይ አንድ ወፍራም ቀይ ክብ፣ ጥቅምት ላይ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ክብ አለ። የሌሊት ፈረቃዎቿን በእርሳስ አስምራባቸዋለች። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በጥቁር ተሰርዟል።

"ይሄስ ምንድን ነው?" አልኳት።

"የእህቴ ሰርግ ነው ጋሼ። እሱም ድካም ነው ብለውኝ የለ?"