መልስ፦ ራፍልስ ሲንጋፖርን ስንት ዓመት ገዛ?

ወንድሜ፣ የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹም የነበረው ስታምፎርድ ራፍልስ ሲንጋፖር ውስጥ የቆየባቸው ቀናት ሁሉ ቢደመሩ ዓመት አይሞሉም። ሹመቱ ሱማትራ ላይ ነበር፤ የቤንኩለን ምክትል ገዥ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

ጃንዋሪ 28 ቀን 1819 ደረሰ፣ ፌብሩዋሪ 6 ውል ተፈራረመ፣ በማግስቱ መርከቡን አስነሳ። ብልሃቱ ያለው ውሉ ላይ ነው። ሲንጋፖር የምትገዛለት የጆሆር ሱልጣኔት ዙፋን በታናሹ ወንድም እጅ ስለነበር፣ ታላቁን ሁሴንን አስመጥቶ «ሱልጣን» አለውና ከእሱ ጋር ተዋዋለ። ለሁሴን በዓመት 5,000፣ ለአካባቢው ሹም ለተመንጎንግ 3,000 የስፔን ብር ተቆረጠ። በዚህ የተገኘው ግን የንግድ ጣቢያ የማቋቋም ፈቃድ ብቻ ነው፤ ደሴቲቱ ጠቅልላ የተሰጠችው ኋላ የኩባንያው የሲንጋፖር ሹም የሆነው ክራውፈርድ በ1824 ባስፈረመው ውል ነው።

የዕለት ተዕለቱን ሥራ የተሸከመው ራፍልስ በሲንጋፖር ሹሞት የሄደው ፋርኳር ነበር። ገንዘብ ሲያጥረው የቁማርና የኦፒየም ፈቃድ ሸጠ። ራፍልስ በ1822 ተመልሶ ይህን ሲያይ ተቆጣ፤ በ1823 ከሹመቱ አነሳው። በእኔ እይታ ፋርኳር ተበድሏል፤ ያለ ቀረጥ ወደብ፣ ያለ በቂ በጀት ከተማ አቅና ተብሎ ምን ያድርግ?

ራፍልስም አላማረለትም። በ1826 ኩባንያው ከ22,000 ፓውንድ በላይ እንዲመልስ ጠየቀው፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 5፣ 45 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ሞተ።