«ካልጠየቅሁሽ አትንኪኝ» አለችኝ

እንደምን ሰነበቱ?

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሆም ኬር፣ ማለትም ሰው ቤት እየሄዱ የመንከባከብ ሥራ፣ ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። መጀመሪያ አረጋውያን ነበር የምይዘው። አሁን የተሰጠችኝ ልጅ ግን ገና 31 ዓመቷ ነው። ከልደቷ ጀምሮ ጡንቻዎቿ አይታዘዙላትም፤ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። አፓርታማ ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ሥራዋንም ከቤት ሆና በኮምፒውተር ትሠራለች።

እኔ እንደ እህቴ ነው ያየኋት። ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ አለብሳታለሁ፣ ቁርሷን አጎርሳታለሁ፣ ጠረጴዛዋን አስተካክላለሁ። ባለፈው ሳምንት የሸሚዟን ቁልፍ ስትታገል ሃያ ደቂቃ አለፈ። አላስቻለኝም፣ ቆለፍኩላት። «ካልጠየቅሁሽ አትንኪኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። በማግስቱ ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድኩ። ዶክተሩ እኔን ሲጠይቀኝ መለስኩለት። እስክንመለስ ድረስ አላናገረችኝም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ጥፋቴ ምንድን ነው? ሥራውን ልተወው?

ዘ.

መልስ

እህቴ፣ ለቅሶሽ ገብቶኛል። ያደግነው የደከመ ሰው ስናይ ተሽቀዳድመን በማንሳት ነው። ማጉረስ ፍቅር ነው፤ እያዩ ዝም ማለት ጭካኔ ይመስለናል። ግን ይቺ ልጅ ታማሚ አይደለችም። ሠርታ የምታድር፣ ኪራይ የምትከፍል ሴት ናት። አንቺ ያስፈለግሻት እንድታስታምሚያት አይደለም። እጇ የማይደርስበት ላይ እንድትደርሺላት ነው።

ከቁልፉ ይልቅ የሐኪም ቤቱ ይብሳል። ስለ ገዛ ሰውነቷ አንቺ ስትመልሺ፣ ዶክተሩም እሷን ማናገር ይተዋል። ሌላ ጊዜ ሲጠይቅሽ ዝም ብለሽ ወደ እሷ ተመልከቺ። እሱም ዓይንሽን ተከትሎ ወደ እሷ ይዞራል።

ይህን መንገድ ያወጡት ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ናቸው። ኤድ ሮበርትስ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ያዘው፤ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። በፈረንጆቹ 1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የኖረው ግቢው ውስጥ ባለ ሆስፒታል ነው። በ1972 እሱና ጓደኞቹ ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል አቋቋሙ። ለእነሱ ራስን መቻል ሁሉን በራስ እጅ መሥራት አልነበረም፤ በራስ ሕይወት ላይ መወሰን ነበር። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2010 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም፣ አንቀጽ 19 ላይ፣ የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር መምረጥ የአካል ጉዳተኛው መብት ነው ይላል።

ስለዚህ ነገ ስብሰባ ረፍዶባት «ቆልፊልኝ» ካለችሽ ቆልፊላት። ጉልበቷን ለስብሰባው ማስቀመጧ ነው። ዛሬ ራሷ ልቆልፍ ካለች ደግሞ ሃያ ደቂቃው የእሷ ነው። ፊቷ ተገትረሽ አትጠብቂ፤ ኩሽና ገብተሽ ሌላ ሥራ ያዢ።

ጠረጴዛዋን አስተካክላለሁ ያልሽው አሳስቦኛል። ስልኳን አንድ ስንዝር ብታርቂው፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ላትደርስበት ትችላለች። ያነሳሽውን ሁሉ እዚያው ቦታው መልሺ። ዊልቸሩንም ሳትጠይቂ አትግፊ፣ አትደገፊበት።

ዝም የማይባልበትም ጊዜ አለ። ቆዳዋ ላይ የማይለቅ ቅላት ካየሽ ተናገሪ፤ ግን መጀመሪያ ለራሷ፣ ከዚያ ለነርሷ።

ሥራውን አሁን አትተዪ። ነገ ስትገቢ ይቅርታ ጠይቂያትና «የቱን ልሥራልሽ? የቱን ልተውልሽ?» በያት። የነገረችሽን ጻፊው። ሁለት ሳምንት እንደዚያ ሥሪና እንዴት እንደሆናችሁ ጻፊልኝ።