ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ሳይንስ፦ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «ባዮሎጂ ጨርሻለሁ፤ የውቅያኖስ ካርቦንና ማይክሮቦች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ባሕር አይታ የማታውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ማን ይቀበላል?» ላልሽው፣ ይቀበላሉ። እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ፣ ዶክትሬቴን በዚሁ ነው የሠራሁት።

1. «ከልጅነቴ ጀምሮ ባሕር እወዳለሁ» ብለሽ አትጻፊ። ፕሮፌሰሮቹ የሚፈልጉት ሥራ የለመደ እጅ ነው። እኔ የጻፍኩት ከቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ውሃ ቀድቼ፣ በ0.2 ማይክሮሜትር ፊልተር አጣርቼ ባክቴሪያ መቁጠሬን ነው። መብራት ሲሄድ የማይክሮስኮፑ ሜርኩሪ አምፖል እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ እስኪበራ ባክቴሪያዎቹን እንዲያበሩ የቀባኋቸው ቀለም ደብዝዟል። ይህንንም ጻፍኩት፤ ወደውታል።

2. ካርቦኑን አትናቂ። ውቅያኖስ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ይወስዳል፤ ውሃው ውስጥ የሟሟው ኦርጋኒክ ካርቦን ብቻ 660 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ከዚያ የሚመገቡት ባክቴሪያዎች ናቸው። ቃለ መጠይቅ ላይ ያፋጠጡኝም ስለ ዓሣ ነባሪ ሳይሆን የባሕር ማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪው አዛምና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ስላቀረቡት «ማይክሮቢያል ሉፕ» ነው፤ ባክቴሪያዎች የሟሟውን ካርቦን ይበላሉ፣ እነሱን ደግሞ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ይበሏቸዋል፣ ካርቦኑም በዚያ ወደ ምግብ ሰንሰለቱ ይመለሳል። እሱን ሳታውቂ አትግቢ።

3. ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የሚቃጠለው። የተማርኩበት ሬጅስትራር «ኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ አምጪ» አለኝ። ክሊራንስ የሚሰጡት ደግሞ «ፋይልሽ ሬጅስትራር ነው»። ፋይሉ ተገኘ ሲባል ፈራሚው ስብሰባ ገባ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ሻይዋን እያማሰለች «ባሕር የት አለና ነው የምትማሪው?» ብላ ከጎኗ ካለው ጋር ተሳሳቀች። ስኮላርሺፑ ተዘጋ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ተቃጠለብኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ገባሁ! መርከብ ላይ ፈረንጆቹ ሲያስመልሱ እኔ ደህና ነበርኩ፤ የሚኒባስ የኋላ ወንበር ያሳደገኝ ነኝ። ከ4,000 ሜትር የወጣው ውሃ ጠርሙሱን ስይዘው ጣቴን አደነዘዘኝ።

ብቻ አንቺ ኮስት ሼሪንጉን አሁኑኑ ጨርሺ፤ ፕሮፌሰሩን ከማግኘትሽ በፊት። ኦፊሻሉን በታሸገ ፖስታ ከአንድ በላይ አሠሪ፣ አንዱን ለሌላ ማመልከቻ ታስቀሪዋለሽ። ምረቃ ሰሞን ደግሞ እንዳትሄጂ፣ ወረፋው አያስጠጋሽም።