ቀዝቃዛ ባሕር ለሚጠልቁ፣ ጥምቀትን ጎንደር ለሚያከብሩ

ከገና በኋላ ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች። ከሲያትል፣ ከቶሮንቶ፣ ከስቶክሆልም፣ ከኦስሎ የመጡ ልጆቻችን ፒያሳ ቡና ይዘው ሲጫወቱ ይውላሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጨዋታቸው መሃል ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም አየር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ እየገባ ነው። ደስ ይለኛል። ኖርዌይ በኖርኩበት ዘመን ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ መጥለቅን ስለለመድኩ፣ ቀዝቃዛ ባሕር ጠልቀው ለጥምቀት ጎንደር የሚገቡበትን የጉዞ ዕቅድ ይዘው ይመጡና ያማክሩኛል። ዕቅዱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ቲኬት ይቆረጣል፣ ሆቴል ይያዛል፣ የመጥለቂያው ልብስ ግን «እዚያው እንከራያለን» ተብሎ ይታለፋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ልብሱን አስቡ። ቀጥሎ ጎንደር የምትገቡበትን ቀን ያዙ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ የመጥለቂያውን ቀን ወስኑ። ቲኬቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

«እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ብርድ እንችላለን» የሚሉኝ አሉ። የደባርቅን ውርጭ የቻለ ገላ ቀዝቃዛ ውሃን ይችላል ማለት አይደለም። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። 15 ዲግሪ አየር ላይ ሹራብ ደርቦ መዋል ይቻላል። 15 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግን በቂ ልብስ ያልለበሰ ሰው ብዙም ሳይቆይ ጣቱ አይታዘዘውም። ጣቱ ያልታዘዘው ጠላቂ ቫልቭ መክፈት፣ መቆለፊያ መፍታት፣ ለጓደኛው ምልክት መስጠት ያቅተዋል። ሐሳቡም ይደነዝዛል። እኔን የሚያሰጋኝ ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ይሄ ነው።

ልብስ ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሃው እናንተ በምትወርዱበት ጥልቀት ስንት ዲግሪ ነው? እስከ ስንት ሜትር ትወርዳላችሁ? ስንት ደቂቃ ትቆያላችሁ? ስልካችሁ ላይ የምታዩት የላይኛው ውሃ ሙቀት ነው። ጥቂት ሜትር ወረድ ሲባል ውሃው በአንዴ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

እኔ የምከተለው ልክ ይህን ይመስላል። ከ24 ዲግሪ በላይ 3 ሚሊሜትር ዌትሱት፣ እየረጠበ የሚያሞቀው የጎማ ልብስ፣ ይበቃል። ከ18 እስከ 24 ከሆነ 5 ሚሊሜትር። ከ10 እስከ 18 ድረስ ደግሞ 7 ሚሊሜትር ከነራስ መሸፈኛውና ከነጓንቱ። ከ10 ዲግሪ በታች ውሃ የማያስገባው ልብስ፣ ድራይሱት ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ፣ የዚያው ባሕር፣ የፒዩጀት ሳውንድ፣ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በ7 ሚሊሜትር ዌትሱት የሚገባ ሰው ታያላችሁ። ይቻላል። ነገር ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሊጠልቅ ውሃ ውስጥ ሲመለስ ፊቱን እዩት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዌትሱት የሚሠራበት ኒዮፕሪን በጥቃቅን የጋዝ አረፋ የተሞላ ነው። ሙቀት የሚይዘው ያ አረፋ ነው። 10 ሜትር ላይ የውሃው ግፊት አረፋውን በግማሽ ያሳንሰዋል፤ 20 ሜትር ላይ አንድ ሦስተኛ፣ 30 ሜትር ላይ አንድ አራተኛ ብቻ ይቀራል። ሱቅ ውስጥ 7 ሚሊሜትር የነበረው ልብስ እታች፣ ብርዱ በሚብስበት ቦታ፣ ስስ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ድራይሱት ውሃ አያስገባም። ግን በተለይ ስሱ ዓይነት፣ ከተነባበረ ጨርቅ የሚሠራው፣ በራሱ አያሞቅም። የሚያሞቀው ከሥር የምትለብሱትና በመሃሉ የተያዘው አየር ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን የውስጥ ልብሱ ላይ አውሉት። እዚህ ላይ ጋቢ የምትወዱ እንዳትቀየሙኝ። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ከጠጣም አይደርቅም፤ ከድራይሱት ሥር የጥጥ ካናቴራም ሆነ የጥጥ ካልሲ እንዳትለብሱ። ሱፍ ግን እርጥብ ሆኖም ሙቀት ይይዛል። በርኖስ የሚለብሱት የደጋ እረኞች ይህን ድሮ ያውቁታል። ገላ ላይ ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላዩ ወፈር ያለ ለድራይሱት የተሠራ የውስጥ ልብስ ደርቡ። ጋቢው ጀልባ ላይ ይጠብቃችሁ፤ ከውሃ ወጥታችሁ ደረቅ ልብስ ከቀየራችሁ በኋላ እሱን የሚያህል የለም።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። አንዲት ከውጭ የመጣች ልጅ ፒያሳ አግኝታኝ፣ «ጋሼ፣ የተከራየሁት ድራይሱት አንገቱ ያፈሳል፤ ደረቴ ድረስ ረጠብኩ» አለችኝ። አንገቷን አየሁት። ማተቧ አጭር ነው፣ ልክ የአንገት መዝጊያው ጎማ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይውላል። ከኋላ ደግሞ የሹሩባዋ ጫፍ እስከ ማጅራቷ ወርዷል። ያ ጎማ ውሃ የሚከለክለው ገላ ላይ ጥብቅ ብሎ ሲለጠፍ ነው። አንድ ክር ወይም ጥቂት ፀጉር ከሥሩ ካለፈ፣ በክሩ ጥግ ጥግ ውሃ ቦይ አግኝቶ ይገባል። ማተባችሁን በጥሱ የሚል ሰው ካለ አትስሙት። ክሩን ረዘም አድርጉትና ሙሉ በሙሉ ከጎማው በታች፣ ደረታችሁ ላይ ይዋል። ሹሩባውን ወደ ላይ ሰብስባችሁ በራስ መሸፈኛው ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ጓደኛችሁ በጣቱ ዙሪያውን ይዳብስላችሁ። ፂም ያላችሁም የመጥለቂያ መነጽራችሁ ከላይኛው ከንፈር በላይ መግጠሙን አረጋግጡ።

ድራይሱት ያለ ሥልጠና አይለበስም። አየር የምትሞሉበትና የምታስወጡበት ቫልቭ አለው። አየሩ ወደ እግር ከሄደ እግር ወደ ላይ ይነሣል፤ ያልተለማመደ ሰው በዚያው ተገልብጦ በፍጥነት ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ፈጣን አወጣጥ ደግሞ ሳንባን ይጎዳል። አይስላንድ ያለውን የሲልፍራ የመጥለቂያ ስንጥቅ የምትመኙ ልብ በሉ። ውሃው ከላንግዮኩትል የበረዶ ግግር ቀልጦ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። የድራይሱት የምስክር ወረቀት ወይም ቢያንስ 10 ጊዜ በድራይሱት ለመጥለቃችሁ መዝገብ ከሌላችሁ ስኩባ አይፈቀድላችሁም። ሥልጠናውን በምትኖሩበት አገር፣ ከጉዞው ወራት በፊት ጨርሱት።

የመተንፈሻው ሬጉሌተርም ለብርድ የተሠራ መሆን አለበት። የታመቀ አየር ሲለቀቅ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ራሱ ከቀዘቀዘ ሬጉሌተሩ ውስጥ በረዶ ይሠራና አየሩ ሳይቆም ይፈስሳል። የአውሮፓውን ኢኤን 250 መስፈርት ይዞ «ከ10 ዲግሪ በላይ» የሚል ምልክት ያለበትን ተዉት። ውሃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ብርድ አየር ላይ ቆማችሁ ደጋግማችሁ አትተንፍሱበት። በጓንት አትሰስቱ፤ ከ10 ዲግሪ በታች ውሃ የማያስገባ ጓንት ብትይዙ ይሻላል።

«አንድ መለኪያ አረቄ ያሞቃል» የሚሉ አሉ። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ሙቀታችሁን ለውሃው ያስረክባል። ከመጥለቅ በፊት ፈጽሞ አይነካም። ደም ግፊት ያለባችሁ፣ በተለይ አርባን ያለፋችሁ፣ ሐኪም ሳታዩ ቀዝቃዛ ውሃ አትግቡ። ቀዝቃዛ ውሃ ደምን ከእጅና ከእግር ወደ ደረት ይገፋል፤ ግፊት ያለበት ሰው ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። እየጠለቀ ሳለ ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው ወዲያው መጥለቁን ያቁም።

ወደ ቀኑ እንምጣ። ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾም እስከ ገና ይዘልቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ በባዶ ሆድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ከምግብ ነው። ከገና እስከ ከተራ ያለው ጊዜ ለዚህ ይመቻል። ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጾም የለም፣ ሆድም ጠግቧል። እኔ ብሆን ከገና ሁለት ቀን በኋላ ጀምሬ በሦስት ቀን ጨርሼ ወደ አገሬ እነሣለሁ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ደክሞኝ ሳይሆን አርፌ እደርሳለሁ።

ለምን ቶሎ መጨረስ እንዳለበት ይህ ነው። ስትጠልቁ ከምትተነፍሱት አየር ናይትሮጅን በገላችሁ ይቀራል። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ያ ጋዝ አረፋ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ዳን በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተራ መጥለቅ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀን ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየትን ይመክራል። እኔ ከ24 ሰዓት በታች አልቀበልም። ውሃው ሲበርድ ደም ወደ ቆዳ መድረሱን ስለሚቀንስ ናይትሮጅኑም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ደግሞ እኛ ከአውሮፕላን ስንወርድ ሜዳ ላይ አንወርድም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ። ሌላው ተሳፋሪ ወደ ባሕር ጠለል ሲመለስ እኛ አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረው ስስ አየር ላይ እንቆያለን።

ሰሜን ተራራ የባሰ ነው። ደባርቅ ከ2800 ሜትር በላይ ነው፣ ሳንቃበር ከ3200 ያልፋል፣ ጨነቅ ከ3600 በላይ ነው። የ12 እና የ18 ሰዓቱ መመሪያ የወጣው እስከ 2400 ሜትር ገደማ ላለ ከፍታ ነው፤ ስለዚህ ሰሜንን ከጥምቀት በኋላ አድርጉት። ዕቃችሁን ይዛችሁ ጎርጎራ ጣና ውስጥ ለመጥለቅ የምታስቡም አላችሁ። ጣና ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ውሃው ደፍራሽ ነው፣ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታም 14 ሜትር ገደማ ነው። ዕቃውን ሻንጣችሁ ውስጥ ተዉት፤ ጣናን በጀልባ እዩት።

ጎንደር ከገባችሁ በኋላ መገጣጠሚያችሁን ካመማችሁ፣ ክንድ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ራስ ካዞረ፣ «መንገድ ነው፣ ከፍታ ነው» ብላችሁ አትተኙበት፤ ያ የናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ፣ በስንት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ፣ ስንት ሜትር እንደጠለቃችሁ ንገሩት። ጥልቀትና ጊዜ የሚመዘግበውን የመጥለቂያ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አሳዩት። ኦክስጅን ጠይቁ። ከመነሣታችሁ በፊት የመጥለቅ አደጋን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ግዙ፤ ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም። የአደጋ ጊዜ ስልኩን በወረቀት ጽፋችሁ አንዱን ኪሳችሁ ውስጥ፣ ሌላውን ጎንደር የምታርፉበት ቤት ያለ ሰው ዘንድ አስቀምጡ።