ውኃው ለምን ደከመ? ስለ ቤት ውስጥ የውኃ ግፊት ጥያቄና መልስ

ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ «የትኛውን ፓምፕ ልግዛ?» የሚሉ ናቸው። ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ውኃው የት ላይ እንደተያዘ እንፈልግ። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የማያስወጣ ቦታ ላይ ነው የሚገኘው።

ጥያቄ፦ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ብቻ ነው የደከመው። ሌላው ደህና ነው።

እንግዲያው ከቧንቧው አፍ ይጀምሩ። ጫፉ ላይ ተጠምዝዞ የሚገባ ትንሽ ወንፊት አለ። በእጅ አልፈታ ካለ በጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ያዙሩት። ብርሃን ላይ ሲያዩት አሸዋ፣ የዝገት ቅርፊትና ነጭ ጨው ደፍኖት ሊያገኙ ይችላሉ። ወንፊቱን ሳይመልሱ ውኃውን ይክፈቱ፤ በኃይል ከወረደ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ወንፊቱን አቼቶ ውስጥ አሳድረው በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። ያለ ወንፊቱም ከደከመ ከሥር ያለችውን ትንሽ መዝጊያና ፍሌክሲብል ቱቦውን ይዩ፤ ቱቦው ታጥፎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በእኛ ቤት ሁሉም ቦታ ደክሟል፤ ጎረቤት ግን ደህና ነው።

ቆጣሪው አጠገብ ያለው ዋናው መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያረጋግጡ። ጌት ቫልቭ ከሆነ ያታልላል፦ ውስጡ የሚወጣና የሚወርደው ሳህን ከዘንጉ ተላቆ ከሆነ እጀታው እስከ መጨረሻው ቢዞርም ውኃው እንደታፈነ ይቀራል። መቀየር ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ከዚያ ሁሉንም ቧንቧ ዘግታችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ። የሚዞር ከሆነ ውኃው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ቧንቧ ስንከፍት ጥሩ ይመጣል፤ ሁለተኛው ሲከፈት ሁለቱም ይሞታሉ።

ሁሉም እንዲያነበው የምፈልገው መልስ ይህ ነው። እዚህ ላይ የጎደለው ግፊት ሳይሆን መተላለፊያ ነው። ሁሉም ተዘግቶ በግፊት መለኪያ ብታዩት ልኩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ውኃው መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ጠባቡ ቧንቧ አፍኖ ይይዘዋል። ያረጀ የብረት ቧንቧ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ውስጡ በዝገት ሊጠብብ ይችላል። ወይም ደግሞ ከመጀመሪያውኑ ለሙሉ ቤት ግማሽ ኢንች ብቻ ተዘርግቷል።

በባልዲ ለኩት። 10 ሊትር ባልዲ በ60 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ነው፤ ለአንድ ሻወር ይበቃል። መጀመሪያ ለቆጣሪው ቅርብ ከሆነው ቧንቧ፣ ቀጥሎ ከሩቁ ለኩ። ቅርቡ ፈጥኖ ሞልቶ ሩቁ ከዘገየ እንቅፋቱ በሁለቱ መካከል ነው። ዋናውን መስመር በሰፊ መቀየር ይሻላል፤ የቧንቧው የውስጥ ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን መተላለፊያው 4 እጥፍ ይሰፋል። በተደፈነ ቧንቧ ላይ ፓምፕ መጨመር ያረጁ መጋጠሚያዎችን ማስጨነቅ ነው።

ጥያቄ፦ ጣሪያ ላይ ትልቅ ታንከር አለን፤ ሻወሩ ግን ይንጠባጠባል። ከዚህ የሚተልቅ እንግዛ?

አይግዙ። ግፊት የሚሰጠው የውኃው ከፍታ እንጂ የታንከሩ ትልቅነት አይደለም። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። ታንከሩ ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ 0.2 ባር ነው ያላችሁ፤ 1,000 ሊትርም ይያዝ 5,000 ያው ነው። ወይ ታንከሩን ከፍ አድርጉ፣ ወይ ከታንከሩ በሚወርደው መስመር ላይ ትንሽ ፓምፕ ግጠሙ።

ጥያቄ፦ ፓምፑን ከመንገዱ መስመር ጋር በቀጥታ ባገናኘውስ?

እባክዎ አያድርጉት። ፓምፑ ሲስብ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ የጎረቤት ውኃ ይደክማል፣ ይባስ ብሎ ቧንቧው የሚያፈስበት ቦታ ካለ የአፈሩን ቆሻሻ ውኃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ያን የሚጠጣው የእርስዎም ልጅ ነው። በብዙ ቦታም በሕግ የተከለከለ ነው። ውኃው መጀመሪያ ታንከር ውስጥ ይግባ፤ ፓምፑ ከዚያ ይሳብ።

ጥያቄ፦ ቀዝቃዛው ደህና ነው፤ ሙቁ ብቻ ደክሟል።

ማሞቂያው መግቢያ ላይ ያለው መዝጊያ፣ የደህንነት ቫልቩ፣ ወይም ውስጡ የተጋገረው ጨው ነው። ከመነካካትዎ በፊት ኤሌክትሪኩን ያጥፉ።

ጥያቄ፦ ፓምፓችን ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይጠፋል።

የግፊት ታንኩ፣ ማለትም ከፓምፑ ጋር ተገጥሞ ውኃን በታመቀ አየር የሚገፋው ዝግ ታንክ፣ አየር አልቆበት ይሆናል። ፓምፑን አጥፍታችሁ ውኃውን ሙሉ በሙሉ አፍስሱ፣ ከዚያ እንደ ጎማ አየር በመሙያው በኩል ለኩ። ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት በ0.2 ባር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። ከመሙያው ውኃ ከወጣ ግን የውስጡ ጎማ ተቀዷል፤ አየር መሙላት አይጠቅምም።