ይገባል፤ ይዞራል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለችኝ። ቸርኬዋ 14 ኢንች፣ ስፋቱ 5.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 45 ነው፤ ጎማዋ 185/60 (ስፋቱ 185 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 60 በመቶ)። አንድ ጓደኛዬ 15 ኢንች ቁመት፣ 8 ኢንች ስፋትና 25 ኦፍሴት ያለው ቸርኬ በ225/45 ጎማ ሊሸጥልኝ ነው። «ይገባል» ይለኛል። ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ አልዋሸም፣ ይገባል። የሚገባ ሁሉ ግን አይዞርም።

ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከስፋቱ መሐል በስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደሸሸ የሚነግርህ ቁጥር ነው። ያንተ 5.5 ኢንች ግማሹ 70 ሚሊ ሜትር ነው። 45 ስትቀንስለት ወደ ውጭ 25፣ ስትደምርለት ወደ ውስጥ 115 ይዘረጋል። የጓደኛህ ግማሹ 102 ነውና ወደ ውጭ 77፣ ወደ ውስጥ 127 ይሆናል። ወደ ሞላው የተጠጋው 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ወደ ውጭ የወጣው ግን 52! ሦስት ጣትህን ገጥመህ እያት፤ ያችን ያህል ከፓራፋንጎው በኩል ቦታ አለህ?

እኔ አልነበረኝም። በጉብዝናዬ ወራት መኪናዬን አቁሜ፣ ከሩቅ አይቼ፣ አምሮብኝ ገጠምኩ። ሰው ጭኜ ጥምዝ ላይ ጉድጓድ ስመታ የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማውን እንደ ድንች ልጣጭ ላጠው። መሪውም ከዚያ ወዲህ የአስፋልቱን ቦይ እየተከተለ እጄን ይጎትት ነበር፤ የጎማው መሐል ወደ ውጭ ሲሸሽ የሚመጣ ጠባይ ነው። ፓራፋንጎ ማስጠፍጠፍ ይቻላል፣ ቀለሙ ሲሰነጠቅ ግን እንዳትወቅሰኝ።

ሰፊ ጎማ ደግሞ ሰዎች እንደሚያስቡት መሬት የሚነካውን ቦታ በዚያው ልክ አያሰፋም። ያንን በዋናነት የሚወስኑት ክብደቱና ንፋሱ ናቸው። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፦ ያጥራል፣ ይሰፋል። ጥምዝ ላይ ይጠቅምሃል፤ ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ግን ቶሎ ያንሳፍፍሃል። ደረቅ ርካሽ 225 ከምትገዛ ለስላሳ ጥሩ 195 ብትገዛ እመርጥልሃለሁ።

እኔ ብሆን 15 ኢንች፣ ስፋቱ 7፣ ኦፍሴቱ 35 የሆነ ቸርኬ በ205/50 ጎማ እፈልጋለሁ። ካሁኑ ቸርኬህ ይልቅ ወደ ውጭ የሚወጣው 29 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውስጥ የሚገባው 9 ነው። የጎማው ቁመት ከ578 ወደ 586 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ቆጣሪው 100 ሲል ከድሮው በ1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ትፈጥናለህ። የመሐል ቀዳዳው ከ54.1 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ማሟያ ቀለበት አስገባለት፤ አለዚያ መሪው ይንቀጠቀጥብሃል።

ከመግዛትህ በፊት አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ለምነህ ግጠም። የልጆች መጫወቻ ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ለጥፍ፣ አንድ ሰው ጎንህ ጫን፣ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው እየጠመዘዝክ በዝግታ ጉብታ ላይ ውጣ። ከዚያ ወርደህ ጭቃውን እይ።