ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ኪቦርድ፦ ጥያቄና መልስ ለጅማ ልጆች

መላሽ፦ ቤት ውስጥ ፒያኖ ለመለማመድ ኪቦርድ መግዛት የምትፈልጉ ጠይቁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። የሞዴሉን ቁጥር ሳትጽፉ «ይሄ ጥሩ ነው ወይ?» አትበሉኝ፤ ቁጥሩ ከቁልፎቹ በላይ ወይም ከጀርባው ተጽፏል። ዋጋም አልጠራም፤ ዛሬ የምነግራችሁ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም።

የኮቺ ልጅ፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ 61 ቁልፍ ይበቃል ወይስ 88 የግድ ነው?

መላሽ፦ 61 ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ ለብዙዎች ለሁለት ዓመትም። የጀማሪ ትምህርት ሁለቱንም እጅ መሃል አካባቢ ነው የሚያቆየው። ግን ስንት ቁልፍ አለው ከማለትህ በፊት ቁልፉ የጣት ክብደት ይለያል ወይ ብለህ ጠይቅ። ፒያኖ ዝግ ብለህ ስትነካው ዝግ የሚል፣ ስትመታው የሚጮህ መሣሪያ ነው። ስሙ ራሱ «ፒያኖፎርቴ» ከሚለው ጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ለስላሳና ብርቱ እንደማለት። ጣት በማይለይ ኪቦርድ የለመደ ልጅ ሁሉንም ድምፅ እኩል እየመታ ያድጋል፤ በኋላ እውነተኛ ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ግራ እጁ ዜማውን ይሸፍንበታል። ያንን ልማድ ማስተው ከባዶ ከማስተማር ይከብዳል።

አሠራሩን ማወቅ ለመግዛትም ለመጠገንም ይጠቅማል። ጣት በሚለይ ኪቦርድ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ስር ሁለት የጎማ መገናኛ አለ። ቁልፉ ሲወርድ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ይነካል፤ ማሽኑ በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ይለካል። ጊዜው ካጠረ «ተመታ»፣ ከረዘመ «ተነካ» ብሎ ድምፁን ይመጥናል። የማይለዩት አንድ መገናኛ ብቻ ነው ያላቸው። ከገዛችሁ በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም።

ሂርማታ፦ እሺ፣ የትኞቹ ይለያሉ? ሻጩ ሁሉም ይለያል ነው የሚለው።

መላሽ፦ ቁጥሩን ተመልከት። በያማሃ ፒኤስአር-ኢ መስመር በ2 የሚጀምረው፣ ማለትም ኢ263 እና ኢ273፣ አይለይም። በ3 የሚጀምረው፣ ኢ363 እና ኢ373፣ ይለያል። ፒኤስአር-ኤፍ52 አይለይም። ካሲዮ ሲቲ-ኤስ200 አይለይም፣ ሲቲ-ኤስ300 ይለያል፤ ሁለቱ በመልክ መንትያ ስለሆኑ ካርቶኑን ሳይሆን ማሽኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ከድሮዎቹ ሲቲኬ-2400 አይለይም፣ ሲቲኬ-3200 ይለያል። ያማሃ ኤንፒ-12 61 ቁልፍ ነው፣ ይለያል፣ ሪትም የለውም፤ ለፒያኖ ብቻ ለሚፈልግ ሰው በጣም ጥሩ ነው።

ሱቅ ውስጥ ስትፈትኑ ድምፁን ፒያኖ ላይ አድርጉት። በኦርጋን ድምፅ የሚለየውም ጭምር አይለይም፣ ምክንያቱም ኦርጋን በባሕርዩ እንደዚያ ነው። አንዷን ቁልፍ በጣም በዝግታ ተጫኗት፣ ቀጥሎ ምቷት። ሁለቱም ያው ከሆኑ «ተች» የሚለው ማስተካከያ ጠፍቶ እንደሆነ ሻጩ ይክፈተው። ከፍቶም ለውጥ ከሌለ ተዉት።

መርካቶ ሰፈር፦ ጥሩ ኪቦርድ ንገረኝ እስቲ፣ ለጀማሪ።

መላሽ፦ ከላይ አለ።

ቡናማ፦ ስም የለሽ 61 ቁልፍ፣ ማይክ ያለው፣ ስክሪኑ የሚያበራ አይቻለሁ። ከሌሎቹ በጣም ይረክሳል።

መላሽ፦ ሜትር ይዘህ ሂድ። በትክክለኛው ልክ ከዶ እስከ ሲ ያሉት 7 ነጭ ቁልፎች አንድ ላይ 16 ሳንቲ ከግማሽ አካባቢ ይሆናሉ። 61 ቁልፍ ውስጥ 36 ነጭ አለ፤ ከጫፍ ጫፍ 84 ሳንቲ ከግማሽ ገደማ። 75 ወይም 78 ከወጣ ቁልፉ ጠባብ ነው፤ ልጁ የእጁን ርቀት በስህተት ይለምዳል። ከዚያ በሁለት እጅ 8 ወይም 10 ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነህ ያዝ። የቀደሙት ድምፆች እየተቆረጡ ከጠፉ መጫወቻ ነው። ማይኩ ለመማር ምንም አይሠራልህም።

እናት ከጅሬን፦ እህቴ ከአሜሪካ ለ9 ዓመት ልጄ ያማሃ ኢ373 ልካልኛለች። ዝም ብዬ ሶኬት ላይ ልሰካው?

መላሽ፦ አይሰኩት! መጀመሪያ የአዳፕተሩን ጀርባ ያንብቡ። «ኢንፑት» በሚለው መስመር 100-240 ከተጻፈ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ አንዳንዴ ኪቦርዱንም ይዞት ይሄዳል። እስካልተሰካ ድረስ ግን ኪቦርዱ ጤነኛ ነው፤ የሚቀየረው አዳፕተሩ ብቻ ነው።

ሌላ አዳፕተር ሲገዙ ሦስት ነገር ይመሳሰል። ቮልቱ ኪቦርዱ ጀርባ ከተጻፈው ጋር እኩል ይሁን፤ የእርስዎ 12 ነው። አምፒሩ እኩል ወይም በላይ ይሁን፣ ያነሰ አይሁን። ሦስተኛው የጫፉ ምልክት ነው፤ በክቡ መሃል ያለው ነጥብ ከፕላስ ጋር ከተያያዘ ውስጡ ፖዘቲቭ ነው፣ ያማሃ እንደዚያ ነው። የድሮ ካሲዮዎች ውስጥ ግን 9 ቮልት ሆነው ውስጣቸው ኔጌቲቭ የሆኑ አሉ። የጎረቤት አዳፕተር «ገባልኝ» ብሎ መሰካት ቦርድ የሚያቃጥለው በዚህ ነው። መግባቱ ምንም አያረጋግጥም።

ፉርዲሳ፦ የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር 12 ቮልት ነው። እሱስ?

መላሽ፦ አሁን ያልኩትን ሦስት ነገር እይ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ውስጡ ፖዘቲቭ ናቸው፣ ግን ከመሰካትህ በፊት በቴስተር ለካ። 88 ቁልፍ ያለው ያማሃ ፒ-45 የራሱ አዳፕተር 1.5 አምፒር ነው፤ ያነሰ ብታደርግበት ድምፁን ከፍ ስታደርግ ራሱን ሊያጠፋ ወይም አዳፕተሩ ሊግል ይችላል። ርካሹ አዳፕተር ደግሞ በሄድፎን «እዝዝ» የሚል ድምፅ ያስገባል።

ኳየር፦ ዋናው ትራንስፖዝ ነው፤ ያው ቁልፍ እየተነካ የሁሉንም ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው ማስተካከያ። ዘማሪው በየትም ቢጀምር አንድ ቁልፍ ነክቼ በዶ እከተለዋለሁ። የሌለው አይገዛ።

ቡናማ፦ ልጆቻችን ጥቁሩን ቁልፍ የሚፈሩት በዚህ ነው። አምስት ዓመት መትቶ ሚ ፍላት፣ ከሚ በስተግራ ያለው ጥቁር፣ የት እንደሆነ የማያውቅ አለ።

ኳየር፦ እሁድ ጠዋት ጉባኤ ፊት ቆመህ ዘማሪው ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል ምን ታደርጋለህ?

ቡናማ፦ ተለማምጄ እመጣለኛ።

ሂርማታ፦ በነጭ ብቻ የሚሄደው ትዝታ ነው፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ሌላውን ቅኝት በምን ሊመታው ነው?

ኳየር፦ ባቲም አለ እኮ። ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ፣ ሁሉም ነጭ ነው።

ሂርማታ፦ ልክ ነህ፣ ባቲ ሜጀሩ አለ። አንቺሆዬስ?

መላሽ፦ አንቺሆዬ ከዶ ሲጀመር ሁለት ጥቁር ይነካል፤ ሬ ፍላትና ሶል ፍላት። ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ትራንስፖዝ ለአገልጋይ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ለተማሪ ግን 0 ላይ ይቀመጥ። ልጅ ዶን እየነካ ሬ ከሰማ ጆሮውና ዓይኑ ይጣላሉ፤ በሳምንት ይለምደዋል፣ ለማስተው ግን ወራት ይፈጃል። ሳያውቅ ነክቶት ከሆነ አጥፍታችሁ አብሩት፣ አብዛኞቹ ወደ 0 ይመለሳሉ። የሌለው አይገዛ የሚለውን አልቀበልም። ሊገዛ የማይገባው ጣት የማይለየው ነው።

አጂፕ፦ ያገለገለ ሲቲኬ-3200 አገኘሁ። ሁለት ቁልፍ ሲነኩ ሁልጊዜ በኃይል ይጮኻሉ፣ አንዱ ጨርሶ ዝም ብሏል። ልግዛው?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ ሞዴሉንም ጽፈሃል። ቀደም ብዬ ስለ ሁለቱ መገናኛ ያልኩትን አስታውስ። አንዱ ሲቆሽሽ ልኬቱ ይዛባል፤ ቁልፉ ወይ ሁልጊዜ ይጮኻል ወይ ዝም ይላል። እዚህም እዚያም የተበታተኑ ሦስት አራት ቁልፎች ከሆኑ ቆሻሻ ነው፣ ይጸዳል፤ ዋጋ አስቀንስና ግዛ። የታመሙት በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ ከሆነ፣ ወይም አንድ ሙሉ ክፍል አብሮ ከሞተ፣ ችግሩ ቦርዶቹን የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሪባን ገመድ ወይም ቦርዱ ነው፤ ተወው። ስትፈትን 61ዱንም አንድ በአንድ፣ በዝግታም በኃይልም ንካ። ጫፍ ላይ ያሉትን ማንም አይፈትንም።

ለማጽዳት አዳፕተሩን ንቀል፣ ድንጋዮቹን አውጣ። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ገልብጠህ ብሎኖቹን ፍታ፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ የወጡበትን ቦታ በወረቀት ላይ እየሣልክ እዚያው ሰካቸው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ፕላስቲኩን በስቶ ይወጣል። ቁልፎቹን የያዘውን ክፍል ስታነሳ የጎማ ሰቆች ታያለህ። ፎቶ አንሳ፣ አቅጣጫ አላቸው። የጎማውን ጥቁር ነጥብና የቦርዱን ጥቁር ቦታ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በጥቂቱ በራሰ የጆሮ ጥጥ ሳታሽ ጥረግ። ብታሸው ካርቦኑ ይላቀቃል፣ ከዚያ መድኃኒት የለውም። ባለ 70 አልኮል ውኃ ስላለበት ሁለት ሦስት ሰዓት ይድረቅ። ቤንዚንና የበር ቅባት የሚነፋ ሰው አለ፤ ጎማውን ያሳብጡታል፣ በፍጹም።

እናት ከጅሬን፦ ክረምት ላይ እርጥበቱ ይጎዳዋል? የጅማን ዝናብ ያውቁታል።

መላሽ፦ ይጎዳዋል። ሲያድር በጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ፕላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል። ከውጭ ግድግዳ አንድ ክንድ ይራቅ፣ መሬት ላይ አይደር። በረሮ ሙቀት ፍለጋ ይገባልና ምግብ አጠገቡ አይበላ። ሌላው የማይታሰብ ጠላት ጭስ ነው፤ ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ቅባታማው ጭስ ከአቧራ ጋር ቁልፎቹ ስር ይጋገራል። ቡናው ሳሎን ከሆነ ኪቦርዱ መኝታ ቤት ይሁን። መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩን ይንቀሉ፣ ተመልሶ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ አይስኩ። መብረቅ ካለም እንዲሁ፣ ማጥፋት ብቻውን አያድንም።

የኮቺ ልጅ፦ መብራት ሲጠፋስ በምን እንለማመድ?

መላሽ፦ ኢ373 እና ሲቲ-ኤስ300 በ6 ትንንሽ ድንጋይ፣ በደብል ኤ፣ ይሠራሉ። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ፤ ለሳምንታት የማትጠቀሙ ከሆነ አውጡት፣ አፍስሶ ሽቦውን ይበላል። ፒ-45 ድንጋይ አይቀበልም። እንደ እውነተኛ ፒያኖ የሚከብድ 88 ቁልፍ ኖሮት በድንጋይ የሚሠራ የሚፈልግ ካሲዮ ሲዲፒ-ኤስ100ን ይፈልግ።

መርካቶ ሰፈር፦ ስታንዱን የት ላግኝ? ኤክስ ቅርጹ ጥሩ ነው?

መላሽ፦ በጅማ ከተማ እየኖርክ የብረት ስታንድ ለምን ታሳድዳለህ? እንጨት ሠራተኛ ጋ ሂድ። ኤክሱ ይወዛወዛል፣ ጉልበትም ይገጫል። ዋናው ቁመቱ ነው፤ የነጩ ቁልፍ ፊት ከመሬት 72 ሳንቲ አካባቢ ይሁን። ኪቦርዱን መሬት ላይ አስቀምጠህ ከመሬት እስከ ቁልፉ ፊት ለካ፣ ከ72 ቀንስ፤ 9 ከሆነ ጠረጴዛው 63 ይሠራ። 75 ሳንቲ የሆነ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ቁልፉ 84 ይደርሳል፤ ትከሻ ይነሳል፣ አንጓ ይታጠፋል፣ ልጁም «እጄን አመመኝ» ብሎ ያቆማል። ለ61 ቁልፍ 1 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ወርድ ይበቃል። ዋንዛ ጥሩ ነው፣ ግን የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ከወራት በኋላ ተጣሞ ኪቦርዱን ያናውጠዋል።

ወንበሩ ክርን ከቁልፉ እኩል እስኪሆን ይስተካከል። የልጅ እግር መሬት ካልደረሰ ያችን የጅማ በርጩማ ከእግሩ ስር አድርጉለት። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ በጀርባው ነው የሚመታው።

ሰሚራ፦ መሃለኛው ዶ የቱ ነው?

መላሽ፦ በ61 ከግራ ሦስተኛው ዶ፣ በ88 አራተኛው።

ፉርዲሳ፦ ሲረገጥ ድምፅ የሚያስረዝመውን ፔዳል ገዛሁ፣ ግን ሳልረግጠው ድምፁ ይጎተታል፣ ስረግጠው ይቆረጣል። ተበላሽቷል?

መላሽ፦ አልተበላሸም፣ ተገልብጧል። ኪቦርዱን አጥፋ፣ ፔዳሉን ሰክተህ ሳትረግጠው አብራ፤ ብዙዎቹ ሲነሱ ራሳቸው ያውቁታል። ካልሆነ ከፔዳሉ ስር ትንሽ መቀየሪያ ካለው ገልብጥ።

አጂፕ፦ በስልክ አፕ መማር ይቻላል?

መላሽ፦ ይቻላል። አስተማሪ ይሻላል።

ሰለሞን ነኝ፦ ጥሩ ኪቦርድ የትኛው ነው ለጀማሪ?

መላሽ፦ ሁለተኛ ጊዜ ነው ይህ የተጠየቀው። ጣት የሚለይ፣ ልኩ ሙሉ የሆነ፣ አዳፕተሩ 220 የሚችል። ሞዴሎቹ ከላይ ተጽፈዋል።

ሂርማታ፦ አዲስ አበባ ነው የምገዛው። በአውቶቡስ ላስመጣው ወይስ ራሴ ልሂድ?

መላሽ፦ ከቻልክ ራስህ ሂድና 61ዱንም ነክተህ ግዛ። ካልቻልክ የሚልከው ሰው ሱቁ ውስጥ አብርቶ፣ የጀርባውን ጽሑፍና አዳፕተሩን በፎቶ ይላክልህ፤ ከዚያ በፊት ብር አትላክ። 350 ኪሎ ሜትር ፖርቶ መጋላ ላይ ዝናብ እየመታው እንዳይመጣ፣ ለረዳቱ ከፍለህ ከውስጥ አስገባው። ካርቶኑ ላይ ሻንጣ አይጫን፣ ቁልፎቹ ወደ ላይ ይሁኑ። ሲደርስ ቀዝቅዞ ወይም ረጥቦ ከሆነ ካርቶኑን ከፍተህ አንድ ሌሊት ይደር፤ ጠዋት አዳፕተሩን አንብበህ ሰካው።